ሁለት ጥቅል ሽቦ አይበቃም፦ የእናቴን ቤት ሶኬት የማስጨመር ማስታወሻ

ጥቅምት 2፣ 2017፣ ቅዳሜ

እማዬ ጋ ስገባ ሳሎኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። እሷ ለምዳዋለች መሰለኝ፣ «ከውጭ ነው» አለችኝ። ከውጭ አይደለም። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ያለውን ዲቫይደር ሳነሳው የማንቆርቆሪያው ስፒና አብሮ ተነሳ። ቀልጦ ተጣብቋል። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ቤቱ ጉለሌ ነው። አያቴ በ1956 ዓ.ም. ያሠሩት ጭቃ ቤት። አምስት ክፍል አለው፣ ሶኬቱ ግን አራት ነው። ያኔ መብራት ማለት አምፖልና ሬዲዮ ነበር። ዛሬ ፍሪጅ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ካውያ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምጣድ አለ። ይሄ ሁሉ ዕቃ በአራት ሶኬትና በሦስት ዲቫይደር ነው የሚኖረው።

ስለዚህ ሶኬት እናስጨምራለን። ቀነ ገደቡም የታወቀ ነው። ኅዳር 12 የሚካኤል ማኅበር የእማዬ ተራ ነው፣ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ምጣዱ አያርፍም። 40 ቀን አለኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ ስለ መብራት የማውቀው ትምህርት ቤት የተማርኩትን ብቻ ነው። የሚሆነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ፣ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሄ ጥያቄ ይመጣበታልና።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ባለሙያ ከመጥራቴ በፊት ቤቱ ምን እንደሚጠጣ ማወቅ ፈለግኩ። የእያንዳንዱን ዕቃ ጀርባ እያገላበጥኩ የተጻፈውን ዋት መዘገብኩ። ዋቱን ለ220 ቮልት ሲያካፍሉት አምፔሩ ይወጣል። ምጣዱ 3,800 ዋት ነው፣ ወደ 17 አምፔር። ማንቆርቆሪያው 2,000 ዋት፣ 9 አምፔር። ምድጃው ሁለቱም ዓይኑ ሲበራ እንዲሁ 9። ካውያው 5 ተኩል አካባቢ። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ተደምረው ከ2 አይበልጡም። የተቃጠለው ዲቫይደር ሆዱ ላይ «10 አምፔር» ይላል። ማንቆርቆሪያ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አንድ ላይ ተሰክተውበት ነበር። ውስጡ ያለው ናስ ደግሞ ላልቷል። የላላ ነገር ይግላል፣ የጋለ ነገር ደግሞ የበለጠ ይላላል። እንግዲህ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የቀለጠው።

ከቆጣሪው ሥር ያለውን ዋና ብሬከር አጥፍቼ የሸክላ ፊውዞቹን አወጣኋቸው። አንደኛው ውስጥ መኖር ያለበት ቀጭን ሽቦ የለም። ተጠምዝዞ የወፈረ የመዳብ ሽቦ ነው ያለው። አንድ ቀን ሲቃጠል ሲቃጠል የሰለቸው ሰው አድርጎት ይሆናል። ፊውዝ መጀመሪያ እንዲቀልጥ ተብሎ የተቀመጠ ነገር ነው። እሱ እምቢ ካለ የሚቀልጠው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። የኛ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ያለው እንጨትና ጭድ ነው።

አንዱን ሶኬት ፈትቼ አየሁት። የሚመጣው ሽቦ ሁለት ብቻ ነው፦ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል። በጨርቅ የተሸፈነ ነው፣ ሲነኩት ጨርቁ የሚፈረፈር። ሦስተኛ ሽቦ፣ ማለትም ከዕቃው ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ኧርዝ፣ የለም። ይሄን ለእማዬ ስነግራት እንደ ተራ ነገር «ምጣዱ እኮ አንዳንዴ ይነዝረኛል» አለች። ስትጋግር ለምን ጣውላ ላይ እንደምትቆም ዛሬ ገባኝ። ለእግሯ ብርድ መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት እንደዚህ እንደቆመች ስጠይቃት ቀኑን አታስታውሰውም።

ከዛሬ ጀምሮ ጉዳዩ የሶኬት ቁጥር ብቻ አይደለም።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

አንደኛው ባለሙያ መጣ። የሥራ ባልደረባዬ ነው የላከልኝ። ሰዓት አክባሪ፣ ትሑት ሰው ነው። እማዬን «ማዘር» እያለ ቡናውን ጠጣ፣ ቤቱን በእርምጃ ለካ፣ ፎቶ አነሳ። ስምንት ሶኬት ነው የጠየቅኩት፤ ሳሎን ሦስት፣ ሁለቱ መኝታ ቤት ሁለት ሁለት፣ ወጥ ቤት አንድ። «ከነዕቃው 68 ሺህ» አለ። በጽሑፍ አድርግልኝ አልኩት። ማታ በቴሌግራም ወረቀት ላይ ጽፎ ላከልኝ፦ ባለ ኧርዝ ሶኬት 8፣ ባለ 2.5 ሽቦ (ቁጥሩ የመዳቡ ውፍረት ነው፣ በካሬ ሚሊ ሜትር) 2 ጥቅል፣ ቱቦ፣ ልዩ ልዩ ዕቃ፣ የእጅ ዋጋ። ከዚያ ጠቅላላው። የእያንዳንዱ ዋጋ አልተጻፈም። ቅድሚያ 70 በመቶ ይፈልጋል።

ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ጽሑፉ ያምራል። ልስማማ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው የሰፈር ልጅ ነው። አሥር ደቂቃ ቆየ። ፊውዙን አላየም፣ ኮርኒሱ ላይ አልወጣም። «31,500፣ በአንድ ቀን አልቆ» አለኝ። እንዴት ይሄን ያህል ረከሰ ብዬ ስጠይቀው በቅንነት ነው ያስረዳኝ፤ አዲስ መስመር አይዘረጋም፣ ከየክፍሉ አምፖል ሽቦ ስቦ ወደ ታች ያወርዳል። ስለ ኧርዝ ስጠይቀው «ኧርዝ ባይኖርም ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር አገናኘዋለሁ፣ ያው ነው» አለ።

ያው አይደለም። ቤት ገብቼ አንብቤ፣ አንድ የማውቀውን መሐንዲስም ደውዬ ጠይቄ አረጋገጥኩ። ኒውትራሉና ኧርዙ ሶኬቱ ላይ ከተገናኙ በኋላ የኒውትራሉ ሽቦ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ቢበጠስ፣ ዕቃው ሲበራ ፌዙ በዕቃው ውስጥ አልፎ ይመጣና ወደ ብረት አካሉ ይዞራል። ማለትም የፍሪጁ በር ራሱ 220 ቮልት ይሆናል። በኛ ቤት ዕድሜ ሽቦ ይበጠሳል ወይ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ከምንም ኧርዝ አለመኖር የባሰ ነገር ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ያሳዩትን ነው የሚሠራው። ቢሆንም እናቴን እዚያ ላይ አላስቀምጣትም።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ ማታ

ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አድርጌ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የአንደኛውን ሽቦ በሜትር አሰላሁት። የክፍሎቹን ርዝመት ራሴ በሜትር ለክቻለሁ። በሁለት መስመር ከፍለን በኮርኒስ በላይ ብንሄድ አንዱ 22፣ ሌላው 26 ሜትር ነው፣ ድምሩ 48። እያንዳንዱ ሶኬት ጋ ሽቦው 2.2 ሜትር ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፣ 4.4 ሜትር። ለስምንት ሶኬት 35 ሜትር። በጠቅላላ 83። አንድ ጥቅል 100 ሜትር ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀለም አንድ ጥቅል ይበቃል። ፌዝ አንድ ጥቅል፣ ኒውትራል አንድ ጥቅል፣ ኧርዝ አንድ ጥቅል።

ሦስት። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሁለት ነው።

ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። «ባለ ኧርዝ ሶኬት 8» ይላል፣ ሽቦው ግን ለሁለት ቀለም ብቻ ነው የተሰላው። ሶኬቶቹ ላይና ታች የኧርዝ ብረታቸውን ይዘው ግድግዳው ላይ ይደረደራሉ፣ ከኋላቸው ግን የሚመጣ ሦስተኛ ሽቦ የለም። የሚያየው ሰው ሁሉ ኧርዝ አለው ብሎ ያምናል። ሁለተኛው ቢያንስ የለም ብሎ ነግሮኛል። ወዲያው ለአንደኛው ደወልኩለት። «ቤቱ ኧርዝ የለውም እኮ፣ ሽቦውን ብንስበው የት ይገባል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግን ለዚህ ነው መጀመሪያ መናገር የነበረበት። ኧርዝ መቅበርን ዋጋው ውስጥ አላስገባም፣ ብሬከርም አላስገባም። አሮጌዎቹ ፊውዞች ላይ ነው ሊያስረን ያሰበው።

ቀጥሎ የሁለተኛውን አሰላሁ። ከአምፖል መስመር እንሳብ አለ። የአምፖል ሽቦ ቢበዛ ባለ 1.5 ነው። እማዬ አንድ ቀን ምጣዱን እዚያ ላይ ብትሰካው፣ ለ15 ሜትር ርቀት (መሄጃና መመለሻው 30 ሜትር ነው) ባለ 1.5 ሽቦ ውስጥ ወደ 110 ዋት ሙቀት ይቀራል። ባለ 2.5 ቢሆን 66 ገደማ፣ ባለ 6 ቢሆን 28 ገደማ። አንድ መቶ አሥር ዋት፣ አሮጌ ትልቅ አምፖል ማለት ነው፣ ጭድና እንጨት ውስጥ ተዘርግቶ። ከዚህ በኋላ የዋጋውን ልዩነት አላየሁትም።

ይቺን ሌሊት ያወቅኩት ዋና ነገር ቢኖር ጠቅላላው ዋጋ ብቻውን ምንም እንደማይናገር ነው። ስንት ዓይነት ሽቦ፣ ስንት ቀለም፣ ከየት ተነስቶ፣ በየትኛው ብሬከር በኩል ብሎ የማይመልስ ወረቀት 20 ሺህም ይበል 200 ሺህ ከሌላው ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ሦስተኛው ትልቅ ሰው ናቸው። ለማየት ብቻ 500 ብር ጠየቁ፣ ሥራው ለእሳቸው ከተሰጠ የሚታሰብ። ሌሎቹ በነፃ ነው ያዩት ብዬ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። መሰላልና የግንባር ባትሪ ይዘው ሲመጡ ቅሬታዬ ጠፋ።

ገና ከመግባታቸው «ልጄ፣ ሶኬቱን ኋላ እናወራለን። መጀመሪያ ምጣዱን አሳዪኝ» አሉ። ምጣዱን አዩ፣ ጣውላውን አዩ፣ እማዬን «ይነዝርሻል እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ከሁሉም ሰው ይሄን የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩተው ቋሚዎቹ የት የት እንዳሉ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ጭቃ ቤት ግድግዳ እንደ ብሎኬት በመዶሻና በመሮ አይቦረቦርም፤ ከተቦረቦረ ምርጊቱ ይላቀቃል፣ ማገሩ ይቆረጣል፣ ዙሪያው በሙሉ እየተሰነጠቀ ይወርዳል። ስለዚህ ሽቦው ከኮርኒስ በላይ በቱቦ ይሄዳል፣ ወደ ሶኬቱ ሲወርድ ደግሞ ግድግዳው ላይ በሚለጠፍ የፕላስቲክ ቦይ ይወርዳል፣ ቦዩና የሶኬቱ ሳጥንም ቋሚው እንጨት ላይ በብሎን ይታሰራል። አንደኛው «ቱቦ» ብቻ ብሎ ጽፎ ነበር። ግድግዳውን ሊቦረብር ከሆነ የልስኑ ወጪ የማን እንደሚሆን አልጠየቅኩትም ነበር። ይሄም ከወረቀቱ የጎደለ ነገር ነው።

የሙያ ብቃት ማረጋገጫቸውን ሳልጠይቃቸው አሳዩኝ። ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚሰጥ ወረቀት ነው። ሌሎቹን መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ አላወቅኩም ነበር።

ማታ የጻፉት ዋጋ ሁለት ገጽ ነው። ዕቃ፦ ባለ 2.5 ሽቦ በሦስት ቀለም ሦስት ጥቅል 22,200፣ ለምጣዱ ብቻ ባለ 6 ሽቦ 45 ሜትር 8,550፣ የብሬከር ሳጥን ከነብሬከሮቹና ከ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ መከላከያ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ ዕቃ) ጋር 9,800፣ ስምንት ድርብ ሶኬት 3,360፣ ቱቦ፣ ቦይና ሳጥን 7,200፣ ለኧርዝ ዘንግና ማሰሪያ 4,600። የእጅ ዋጋ፦ ለእያንዳንዱ ሶኬት 1,300፣ የብሬከር ሳጥኑ 5,000፣ ኧርዝ 3,500፣ የምጣዱ መስመር 3,000። ጠቅላላ 77,610 ብር። ዕቃውን ራሴ መግዛት እንደምችልም ከሥር ጽፈዋል።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ለመከራከር ደወልኩላቸው። ከበጀቴ በላይ ነው፣ በእውነት። «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ» አልኩ። «ሽቦውን ላቀጥንልሽ አልችልም። ሶኬቱን ግን መቀነስ ትችያለሽ» አሉኝ። አብረን ካርታውን አየነው። ሳሎን ካሰብኳቸው ሦስት ሁለቱ አንድ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር ተራርቀው ነው ያሉት፤ ድርብ ሶኬት ከሆነ አንዱ ይበቃል። የትንሹ መኝታ ቤት ሁለተኛውም ማንም የማይደርስበት ከቁም ሣጥን ኋላ ነው። ሁለቱን አስቀረናቸው። ከእጅ ዋጋ 2,600፣ ከዕቃ 840 ቀነሰ። 74,170 ሆነ። ከዚህ በታች ለመውረድ ከተፈለገ የሚቀነሰው የሚያድነን ነገር ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ አቆምኩ።

ክፍያውን እንዲህ አደረግነው። ዕቃውን እኔ እገዛለሁ። ከእጅ ዋጋው ከ19,300 ግማሹ ሽቦው ተዘርግቶ ሲያልቅ፣ ግማሹ ሁሉም ነገር ፊቴ ተለክቶ ሲያልቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ አደረጉልኝ። ዋናው ብሬከር 32 አምፔር ነው። ሶኬት ስንጨምር ቤቱ የሚያገኘው ኃይል አይጨምርም። ምጣድ 17፣ ማንቆርቆሪያ 9፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን 2። 28 ደረሰ። ካውያው ከተጨመረ ከ32 ያልፋል፣ ዋናው ብሬከር ሊወርድ ይችላል። ቢወርድም ትክክል ነው። እማዬ እንጀራ በምትጋግርበት ሰዓት ልብስ አትተኩስም፣ አለቀ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፣ መርካቶ

ጋሼ አንድ ዘዴ ነግረውኝ ነው የሄድኩት፤ ሽቦውን በሚዛን ግዢ። ሒሳቡን ራሴ ሠራሁት። ትክክለኛ ባለ 2.5 ሽቦ 100 ሜትሩ መዳቡ ብቻ ወደ 2.2 ኪሎ ይመዝናል። ላስቲኩ ሲጨመር ከዚያ መብለጥ አለበት። የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየኝ ጥቅል ላዩ ላይ 2.5 ተብሎ በጉልህ ተጽፎበታል። አጠገቡ ምስማር በኪሎ የሚሸጥ ሱቅ ነበርና ሚዛኑን ለመንኩት። 1.9 ኪሎ፣ ከነላስቲኩ! ወይ መዳቡ ቀጥኗል፣ ወይ ሜትሩ ጎድሏል፣ ወይ መዳብ አይደለም። ሻጩ ተቆጣ፣ እኔም አልተከራከርኩም። ሦስተኛው ሱቅ ያገኘሁት 3.1 ኪሎ መዘነ፣ ጫፉን በምላጭ ስፍቀው ውስጡም ቀይ ነው። አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ቢሆን ነጭ ይወጣ ነበር። ከዚያው ገዛሁ። ለኧርዙ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን።

የፍሳሽ መከላከያውን ሁለት ልገዛ አስቤ ነበር፣ አንዱን ለምጣዱ፣ አንዱን ለሌላው። ገንዘቡ አልበቃም። አንድ ብቻ ገዛሁ። አንድ ዕቃ ቢያፈስ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል ማለት ነው። ሌላ ጊዜ እጨምራለሁ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ፣ እና 30፣ ቅዳሜ

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬ ዋልኩ። መሰላል ያዝኩ፣ ሽቦ ሳብኩ፣ አቧራ ዋጥኩ።

ኮርኒሱ ላይ ያገኘነውን ነገር እማዬ እንዳታይ ፈልጌ ነበር፣ ግን አየችው። አይጥ የላጠው ሽቦ ሁለት ቦታ፣ መዳቡ ጥርስ ጥርስ ያለበት። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሽቦ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል፣ ናስትሮው ጠቁሮ እንጨቱ ላይ ከሰል የመሰለ ምልክት ትቷል። የወጥ ቤቱ አምፖል መስመር ነው። ሁለተኛው ልጅ ለወጥ ቤቱ ሶኬት ሊስብበት የነበረው መስመር ይሄ ነው። ጋሼ አሳዩኝና ምንም አልተናገሩም። እኔም ሳላንገራግር ይሄ ይቀየር አልኩ። 2,900 ብር ተጨማሪ። ይሄ ዋጋው ላይ አልነበረም፣ ግን ከላይ ሳይወጡ ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበርና ተጨማሪ መባሉ አልከፋኝም። ከመሠራቱ በፊት ጠርተው አሳይተው፣ ዋጋውን ነግረው፣ እሺ ካልኩ በኋላ ነው የጀመሩት።

መገናኛዎቹ ሁሉ አሁን ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ በብሎን ነው የታሰሩት። እያንዳንዱ ሳጥን የት እንዳለ ፎቶ አነሳሁ፣ ኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይፈልግ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ኧርዙ ተቀበረ። አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ፣ ከወጥ ቤቱ ኋላ ውሃ በሚፈስበት በኩል፣ ምክንያቱም እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክን ይቀበላል፣ ደረቅ አፈር አይቀበልም። ከሰልና ጨው እንጨምርበት ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ሰዎች ሲያደርጉ አይቻለሁ። ጨው ለጊዜው ያሻሽለዋል፣ ግን በዝናብ ይታጠባል፣ ብረቱንም ይበላዋል አሉኝ። ሳንጨምር ተለካ። 38 ኦም።

ይሄ ቁጥር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብዬ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 220 ለ38 ሲካፈል 5.8 አምፔር ነው። ማለትም ፌዝ የዕቃውን ብረት ቢነካ በኧርዙ በኩል የሚሄደው 6 አምፔር እንኳ አይሞላም። የሶኬቱ ብሬከር 16 ነው፣ ከቶ አይሰማውም፣ አይወርድም። ብረቱም እንደያዘ ይቆያል! ኧርዝ ቀበርኩ ብሎ የተቀመጠ ሰው አልዳነም ማለት ነው። የሚያድነው ያ የፍሳሽ መከላከያ ነው፤ የሄደውና የተመለሰው ኤሌክትሪክ በ30 ሚሊ አምፔር እንኳ ከተለያየ ወዲያው ይቆርጣል። ኧርዙ ፍሳሹን መንገድ ይሰጠዋል፣ መከላከያው ደግሞ ያይና ይቆርጣል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። ይሄ ዕቃ በሁለቱ የመጀመሪያ ዋጋዎች ላይ ጭራሽ አልነበረም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሁሉም ተለካ፣ ሁሉም በራ። ስድስቱም ሶኬት በየተራው ተሞከረ። ከዚያ ምጣዱን ሰካን። ቤቱ በሙሉ ጠፋ።

መልሰን አበራነው፣ ምጣዱን ሰካነው፣ እንደገና ጠፋ። እማዬ ደነገጠች። «ድሮ እኮ ይሠራ ነበር» አለች። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ለአፍታ ያን መከላከያ አውጥተን ምጣዱን በቀጥታ ብንሰጠውስ ብዬ አሰብኩ፣ አፌም ላይ መጥቶ ነበር። ጋሼ ግን ምጣዱን ገለበጡት። ሥሩ ላይ ወደ ሽቦው የሚገባው ገመድ ላስቲኩ በሙቀት ተበልቶ ባዶው መዳብ የብረቱን ጠርዝ ይነካል። ለዓመታት እናቴን ሲነዝራት የኖረው ይሄ ነው። አንድ ጣት የማይሞላ ገመድ።

ሙቀት የሚችል አዲስ ገመድ ተገዝቶ፣ በሸክላ ማያያዣ ታስሮ፣ 400 ብር ፈጀ። እንደገና ተሰካ። አልጠፋም። መልቲሜትሩን በምጣዱ ብረትና በኧርዙ መሃል አድርገው ለኩ፣ ዜሮ። ከዚያ በመከላከያው ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ እማዬ ራሷ እንድትጫናት አደረጉ። ጠፋ። «በየወሩ አንዴ እንዲህ አድርጊ፣ ካልጠፋ ደውይልኝ» አሏት። የወሩ ሚካኤል ቀን አደርገዋለሁ አለች።

የቀረውን ግማሽ ከፈልኩ። ወጪው በጠቅላላ 77,470 ብር ደረሰ። መጀመሪያ ከጻፉልኝ 77,610 ጋር ሲነጻጸር ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ሁለት ሶኬት ቀንሶ አንድ የበሰበሰ መስመርና አንድ ምጣድ አዳነ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ ማታ

ነገ ማኅበሩ ነው። ምጣዱ ከትናንት ጀምሮ እየነደደ ነው። ማታ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁን ለካሁት፣ 196። እንጀራው ለምን እንደዘገየ ያን ጊዜ ገባኝ። ቮልቴጅ ከ220 ወደ 196 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ይሄ የኛ ሽቦ ጥፋት አይደለም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እማዬን ሊጡን ጠዋት በማለዳ ጋግሪው አልኳት። እሷ ይሄን ያለ መልቲሜትርም ታውቀው ነበር። «ማታ ምጣድ ሰነፍ ነው» ብላ ነው የመለሰችልኝ።

ከምጣዱ ብሬከር ጀምሬ ቦዩን እስከ ሶኬቱ ድረስ በእጄ ዳሰስኩት። ለብ እንኳ አላለም። ፍሪጁ ከራሱ ሶኬት ነው፣ ማንቆርቆሪያው ከራሱ። ሦስቱንም ዲቫይደር ሰብስቤ ወሰድኩ።

እማዬ ጣውላው ላይ ቆማ ትጋግራለች። አሁን አይነዝርሽም እኮ፣ ውረጂ አልኳት። ወረደች። ምጣዱን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ በመዳፏ። ትንሽ ቆየችና ጣውላውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋችው።

ከሦስቱም ቀለም 26፣ 26 ሜትር ሽቦ ተርፏል፣ ሁለቱን ሶኬት ስላስቀረን ካሰብኩት በላይ ነው። ለትንሹ መኝታ ቤት አንድ ሶኬት ይሆናል። የሁለቱ መኝታ ቤት አምፖል መስመር ግን አሁንም ያው የጨርቅ ሽቦ ነው። ከጾሙ በኋላ ጋሼን ለእሱ ዋጋ እንዲጽፉልኝ ነግሬያቸዋለሁ።